የተበታተነ ቀረጻን ወደ ታሪክ እንዴት መቀየር ይቻላል?

በመጀመሪያ የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለውን ቪዲዮ ሁሉ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ገልብጡ። ፋይሎቹ መከፈታቸውን ሳታረጋግጡ ካርዱን ፎርማት እንዳታደርጉ። ፎልደሮቹን በቀንና በካሜራ ሰይሟቸው፤ ለድምፅና ለሙዚቃም የየራሳቸውን ክፈቱ። ኤዲት ከጀመራችሁ በኋላ ስም ወይም ቦታ ከቀየራችሁ ሶፍትዌሩ ፋይሉን ያጣዋል።

ቀጥሎ ሁሉንም እዩ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም። እያያችሁ የፋይሉን ስም፣ ደቂቃውንና የተባለውን ጻፉ። ያሳቃችሁን ወይም ያስደነገጣችሁን ቦታ ወዲያው ምልክት አድርጉበት፤ ደጋግማችሁ ካያችሁት በኋላ ያ ስሜት አይመለስም።

ታይምላይኑን (ክሊፖች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበትን የሶፍትዌሩን ክፍል) ከመንካታችሁ በፊት ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያስቸግረዋል? ይህ ካልተጻፈ የትኛው ምስል እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ የምትወስኑበት መለኪያ አይኖራችሁም።

አሁን መገጣጠም ነው። አንድ አናጺ ወንበር ሲሠራ ቀርጻችኋል እንበል። እኔ ብሆን በቅድሚያ ንግግሩን ብቻ እደረድራለሁ። ዓይን ጨፍኖ ሲሰማ ሐሳቡ የሚያያዝ ከሆነ ምስሉ አያስቸግርም። ከዚያ ወርክሾፑ ከሩቅ፣ እጁ በቅርብ፣ ከመጋዙ ሥር የሚረግፈው ሰጋቱራ፣ በመጨረሻ ፊቱ። ቅደም ተከተሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የአናጺው ዝም ያለ ፊት ከተሰነጠቀ እንጨት ቀጥሎ ሲመጣ ብስጭት ይነበብበታል፤ ያው ፊት ካለቀለት ወንበር ቀጥሎ ሲመጣ ኩራት ይሆናል። የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው።

ቁርጡን፣ ማለትም ከአንድ ምስል ወደ ሌላው የምትሻገሩበትን ቦታ፣ እንቅስቃሴ መሃል አድርጉት፦ መዶሻው ሲነሳ ከሩቅ፣ ሲያርፍ በቅርብ። ዓይን መዶሻውን ስለሚከተል ቁርጡን አያስተውለውም። ወደ ሌላ ትዕይንት ስትሻገሩ ደግሞ የሚቀጥለው ድምፅ ከምስሉ ትንሽ ቀድሞ ይሰማ። መጋዙ ሳይታይ ድምፁ ከመጣ ተመልካቹ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። የሚሽከረከሩና የሚፈነዱ ትራንዚሽኖች (የምስል መሸጋገሪያ ኢፌክቶች) ይህን ሥራ አይሠሩም፤ ተዉአቸው።

የመጀመሪያው ቅጂ ሁልጊዜ ይረዝማል። ለመቅረጽ የተንገላታችሁበትን ምስል ማውጣት ይከብዳል፤ ተመልካቹ ግን ድካማችሁን አያውቅም። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት፤ እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን እሱን እዩ። እጁ ወደ ስልኩ የሄደበትን ደቂቃ ጻፉ።

የመቁረጡና የመገጣጠሙ ሥራ ሳያልቅ ወደ ቀለምና ድምፅ ማስተካከል አትግቡ፤ ያስተካከላችሁት ክሊፕ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የንግግሩ ከፍተኛ ድምፅ በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ቢሆን ጥሩ ነው፤ 0 ከነካ ይሰነጣጠቃል። ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይበል። በስልክ ስፒከርም ስሙት፤ ብዙ ሰው የሚሰማው በዚያ ነው።

ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ስታወጡ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸውን በ25 አውጡት፤ ኤች.264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የወጣ ኤምፒ4 ፋይል የማይከፈትበት ቦታ ጥቂት ነው። የፕሮጀክት ፋይሉንም ከቀረጻው ጋር አስቀምጡ፤ «ይቺን ብቻ አስተካክልልኝ» የሚል አይጠፋም።