ከሰል ቤት ውስጥ፦ ጭሱ ሲያልቅ ጋዙ አያልቅም

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባሉ ጠባብ የቀበሌ ቤቶችም ልደታ ኮንዶሚኒየምም አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» ተብሎ ይገባል። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍም እስካለ ድረስ ይወጣል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት አየር እየሳበ ይታፈናል። ጨው መነስነስም፣ ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥም ጋዙን አያጠፋውም።

ለቡና ማንደጃውን በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ በስንጥር አቀጣጥሉ። በፌስታል ወይም በጎማ ቁራጭ አይሁን፤ የእሱ ጭስ ራሱን የቻለ መርዝ ነው። የጋራ ኮሪደር ደጅ አይደለም፣ ጋዙ ጎረቤት ቤት ይገባል። ጀበናው እዚያው ይፍላ፤ ረከቦቱ ቤት ቢሆን ወጉ አይጎድልም። የግድ ይግባ ከተባለ በሩም ፊት ለፊቱ ያለው መስኮትም ወለል ብለው ይከፈቱ። አንዱን መስኮት ገርበብ ማድረግ አየሩን አያዘዋውረውም። በረካው እንደተቀዳ ማንደጃው ይውጣ።

ከሁሉ የከፋው ፍሙን በአመድ ዳፍኖ መተኛት ነው። የተዳፈነ ፍም በቂ አየር ስለማያገኝ በደንብ አይነድም፤ በደንብ ሳይነድ የቀረው ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሆነው። ሙቀቱ ትንሽ፣ መርዙ ብዙ፣ ሰውየውም እንቅልፍ ላይ!

ለማጥፋት ፍሙን በመቆንጠጫ እያነሳችሁ ክዳኑ ግጥም የሚል አሮጌ የብረት ድስት ውስጥ ጨምሩና ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለነገ ይሆናል። ድስቱ ደጅ ይደር። ውሃ ከደፋችሁበት የሸክላ ማንደጃ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ አመድና እንፋሎት ፊት ላይ ይነሳል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ የምግብ መመረዝ ወይም ጉንፋን ይመስላል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ካመመውና ደጅ ሲወጣ ቀለል ካለው ከሰሉን ጠርጥሩ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቶሎ ይጎዳሉ።

በሩን ከፍታችሁ መጀመሪያ ሰውየውን አውጡ፤ ማንደጃው ይቆይ። 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ደውሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት አታጠጡ፤ ጋዙን አያወጣም፣ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚያድነው በጭምብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው፤ እንዲሁ በአየር ብቻ መርዙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» በሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ኦክስጅንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ስለማይለይ የተመረዘውን ሰው 98 በመቶ ብሎ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል።