ከፐርሰንት ወደ ራስ ፀጉር ቤት፦ ለጎጃም ፀጉር አስተካካዮች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ፀጉር የሚያስተካክል ሰው ከፀጉር ቤቱ ባለቤት ጋር በፐርሰንት ማለትም ገቢውን ተካፍሎ ይሠራል፣ በሌላ ሰው ፀጉር ቤት ወንበር ይከራያል፣ ወይም የራሱን ፀጉር ቤት ይከፍታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን ጊዜ የሚወስነው የደንበኛዎ ቁጥር ስለሆነ ሥራው ከደብተር ይጀምራል።

1. ሰው ይቁጠሩ

በየማታው ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ዛሬ ስንት ሰው አስተካከልኩ፣ ከእነሱ ስንቱ እኔን ብሎ መጣ? ዋናው ሁለተኛው ነው። ፀጉር ቤት ሲቀይሩ የሚከተልዎ እሱ ብቻ ነው፤ መንገድ ሲያልፍ የገባው ሰው እዚያው ይቀራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ቆጥረው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ስለሚመስላቸው ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ የለም። በክረምት ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ተማሪውም ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ፀጉር ቤት ይህ በደንብ ይሰማዋል። ስለዚህ ሥራ ከሚቀዘቅዝበት ወቅት ቢያንስ አንድ ወር ቆጠራው ውስጥ ይግባ።

2. ያስሉ

ለምሳሌ ዋጋው 100 ብር፣ ፐርሰንቱ እኩል በእኩል፣ የወንበር ኪራይ በወር 9,000 ብር፣ ለምላጭና ለአልኮል በሰው 10 ብር፣ የሥራው ቀን 26 ነው እንበል። በፐርሰንት ሲሠሩ ወጪውን ባለቤቱ ይሸፍናል።

በቀን 12 ሰው ካለ በፐርሰንት 15,600 ብር፣ በወንበር ኪራይ 19,080 ብር ይደርስዎታል። በቀን 5 ሰው ብቻ ከሆነ ግን በፐርሰንት 6,500፣ በኪራይ 2,700 ብር ነው። ሁለቱ የሚተካከሉት በወር 225 ሰው ላይ፣ ማለትም በቀን 9 ሰው ገደማ ሲሆን ነው። የከተማዎን ዋጋ ተክተው ያስሉት፤ ሥራ በቀዘቀዘበት ወርም ከዚያ ቁጥር ካልወረዱ ወንበር ይከራዩ።

3. የራስዎን ቤት ሲከፍቱ

የዕቁብ ዕጣ እንደወጣ ሁሉንም በመስታወትና በወንበር አይጨርሱት። አከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከቅድሚያው ሌላ የሁለት ወር ኪራይ በእጅ ይቆይ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ክፍፍሉ እዚያው ይጻፍ። ንግድ ፈቃድ ሳይወጣ ሥራ አይጀመርም። መብራት ሲጠፋ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ እንዳይቀመጥ ቻርጅ የሚደረግ ሁለተኛ ቶንዶስ ግዴታ ነው።

4. ደንበኛ የሚያሸሸው ነገር

ቶንዶስ ፀጉር የሚነጨው ጥርሱ ሲደርቅ ወይም ሲደንዝ ነው። ፀጉሩን በብሩሽ ጠርገው 2 ወይም 3 ጠብታ የማሽን ዘይት ያድርጉና ለጥቂት ሰከንድ ያስነሱት፤ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ በኋላም ፀጉር ከነጨ ጥርሱ ይሳል ወይም ይቀየር። ጥርሱን ሲመልሱ የሚንቀሳቀሰው ጫፍ ከቋሚው ትንሽ ወደ ኋላ ይቅር፤ እኩል ከሆነ ቆዳ ይቆርጣል።

ቆረቆር ባልጸዳ ቶንዶስና ማበጠሪያ ከአንዱ ልጅ ራስ ወደ ሌላው ይሄዳል። በየሰው መሃል ፀጉሩን ጠርገው መሣሪያውን በ70 በመቶ አልኮል ያርጥቡት፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በደም ይተላለፋሉ። ደንበኛው እያየ አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ ይፍቱ።

5. ተጨማሪ ገቢ

ጥሩ የሚከፍለው ሙሽራና ሚዜዎችን ቤታቸው ሄዶ ማስተካከል ነው። መጓጓዣውን ለብቻ ያስቡ፣ ቀብድም ይቀበሉ፤ በዚያ ቀን የሚቀሩብዎ ደንበኞች አሉ። ሙሽራውን ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት አስተካክለው በዕለቱ ጠርዙን ብቻ ይንኩት። ጠጉሩ ከርዳዳ ከሆነ ፂሙን ወደ በቀለበት አቅጣጫ ይላጩት፤ ተገልብጦ ከሥር የተላጨ ፂም ወደ ቆዳው ተመልሶ ያብጣል፣ ፎቶው ላይም ይታያል።