ትንሹ አንጎል ምቱን እንዴት ይጠብቃል? በደብተርና በካልኩሌተር ደረጃ በደረጃ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ ሾፌር በየኩርባው መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ወይም አንዲት እናት ሸክሟን አዝላ የጦሳን ቁልቁለት በዝናብ ስትወርድ፣ ጡንቻዎቻቸው በልኩና በሰዓቱ እንዲሠሩ የሚያደርገው ከጭንቅላት በስተኋላ፣ ከታች በኩል ያለው ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) ነው። መጠኑ ከመላው አንጎል አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም፣ ከ86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳታችን 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እዚያ ነው። የደሴ ተማሪዎች የእነዚህ ሕዋሳት ምት (አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት) እንዴት እንደሚፈጠር በቃል ሲሸመድዱት ማየት ያሳዝነኛል፤ በእጅ የሠሩት አይረሳምና። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ሎግ ያለው ካልኩሌተር ብቻ ስለሆነ መብራት መጥፋቱም አያግድም።

1. መጀመሪያ አስሉ። ከነርቭ ሕዋሱ ውጪ ሶዲየም ይበዛል፣ ከውስጥ ደግሞ ፖታሲየም። በተለምዶ የሚወሰዱት ቁጥሮች በሊትር በሚሊሞል ሲለኩ ሶዲየም ውጪ 145፣ ውስጥ 12፤ ፖታሲየም ውጪ 5፣ ውስጥ 140 ናቸው። የውጪውን ለውስጡ አካፍሉ፤ የውጤቱን ሎግ ወስዳችሁ በ61 አባዙት (61 በ37 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት የሚሠራ ቁጥር ነው)። ለፖታሲየም −88፣ ለሶዲየም +66 ሚሊቮልት ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉት የአዮን (እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች) በሮች የሚያሳልፉት እየመረጡ ነው፤ የሶዲየም በር ሲከፈት በሽፋኑ ውስጥና ውጪ መካከል ያለው ቮልቴጅ ወደ +66፣ የፖታሲየም በር ሲከፈት ወደ −88 ይሳባል። የቀረው ሥራ የትኛው በር መቼ እንደተከፈተ መከታተል ነው።

2. ግራፉን ሣሉ። አግድሙ ሚሊሴኮንድ፣ ሽቅቡ ከ−90 እስከ +70 ሚሊቮልት ይሁን። የምንስለው ቼካዊው ያን ፑርኪንዬ በ1837 የገለጸውን ትልቁን የትንሹ አንጎል ሕዋስ ነው። ከ−60 ጀምሩ፤ ግን ጠፍጣፋ መስመር አትሥሩ። ይህ ሕዋስ የሚቀሰቅሰው አይጠብቅም፤ ማንም ሳይነካው በሴኮንድ በአሥሮች የሚቆጠር ምት ይሰጣል። መስመሩ በዝግታ ይውጣ፤ −55 አካባቢ ሲደርስ የሶዲየም በሮች በብዛት ስለሚከፈቱ ከዜሮ በላይ ይተኮስ።

3. አውርዱት። ኬቪ3 የሚባሉት የፖታሲየም በሮች ቮልቴጁ ከፍ ሲል ብቻ ይከፈታሉ፣ ሲወርድም ቶሎ ይዘጋሉ። ስለዚህ ምቱ አንድ ሚሊሴኮንድ ሳይሞላ ያበቃል።

4. ሶዲየምን መልሱት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በብዙ ሕዋሳት የሶዲየም በር አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አይሠራም። በፑርኪንዬ ሕዋስ ግን አንድ መሰናክል ቀድሞ በሩ ውስጥ ይሰካል፤ ቮልቴጁ ሲወርድም ይወጣል። መሰናክሉ ሲወጣ ሶዲየም ለአፍታ እንደገና ይገባና ሕዋሱን ወደ ቀጣዩ ምት ይገፋዋል። ይህ ፍሰት የታወቀው በ1997 ነው። በግራፉ ላይ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ወዲያው ሽቅብ የሚያቀና መስመር ጨምሩ።

5. ካልሲየምን አስገቡ። በእያንዳንዱ ምት ፒ በሚባሉት በሮች (ፊደሉ የተወሰደው ከፑርኪንዬ ስም ነው) ካልሲየም ይገባል። እሱ ደግሞ ሌሎች የፖታሲየም በሮችን ይከፍትና መስመሩን ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይይዘዋል። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ርቀት እኩል የሚሆነው በዚህ ነው።

6. አንድ በር አጥፉና ምን እንደሚሆን ገምቱ። ኬቪ3ን ብታጠፉ ምቱ ይሰፋል። የካልሲየሙን በር ብታዳክሙ ርቀቱ ይዘበራረቃል፤ ይህ በሩ በተበላሸባቸው አይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ የዚሁ በር ጂን ሲበላሽ ኤፒሶዲክ አታክሲያ ዓይነት 2 የሚባል በሽታ ያመጣል፤ ሰውየው ለሰዓታት ሚዛኑን ይስታል፣ ንግግሩም ይጎተታል።

ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ 4-አሚኖፒሪዲን ነው፤ ሥራውም የፖታሲየም በሮችን መድፈን ነው። ብሬክ የሚመስለውን በር መድፈን እንዴት ይረዳል? ወደ ግራፋችሁ ተመለሱና የምቱን ቁልቁለት ትንሽ አስፉት፤ ምቱ ሲሰፋ የተዳከመው የካልሲየም በር ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ የሚገባው ካልሲየምም ይበዛል፤ በ5ኛው ደረጃ ያሉት የፖታሲየም በሮች እንደገና በቂ ቀስቃሽ ያገኛሉ፣ ርቀቱም ወደ እኩልነቱ ይመለሳል።