ባሕር ዳር ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤሌክትሪክ መኪና ከፔዳ ወደ ዓባይ ማዶ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። አሁን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም ካለ በኋላ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠቧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የመኪና ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ስለዚህ በዚህ ገበያ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው የዓመታት ቁጠባውን ነው።

እኔ መኪናዬን ከገዛሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሰፈር ልጆች "ጋሼ፣ ልግዛ ወይስ ልተው?" እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ መኪናውን ከማየትህ በፊት ቤትህንና መንገድህን እይ። እኔ ይህን ሳላደርግ ስለገዛሁ ከታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቆጣሪውን ሳያዩ መኪና መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኛ አካባቢ ስለ መብራት ማንም አይነግረንም። የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወርዶ 460 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ጢስ ዓባይ ቅርባችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ታዲያ ብዙ ሰው "መብራት በሽ ነው፣ ምን ችግር አለ?" ይላል። ግን መኪናዎ ኃይል የሚያገኘው በሰፈርዎ ትራንስፎርመር፣ በግቢዎ ቆጣሪ፣ በግድግዳዎ ሽቦና ሶኬት በኩል ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጣም ደካማው ነው የሚወስነው።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 2.2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። "ምጣድ የቻለ ቤት ቻርጀር አያቅተውም" ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት ለአጭር ጊዜ የቻሉትን ለአሥር ሰዓት አይችሉትም። በገዛሁ በመጀመሪያው ወር ቻርጀሩን በኤክስቴንሽን ሰክቼ ተኛሁ። ሌሊት የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ሶኬቱ ቀልጦ ነበር። ጠዋት የመጣው ኤሌክትሪሻን ሽቦውን አየና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ነው" አለኝ። ልጆቼ የተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ስለዚህ ከቆጣሪው የሚነሳ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ለመኪናው ብቻ የሚያገለግል መስመር ያስዘርጉ። ኤክስቴንሽን አይጠቀሙ። ለጊዜው ነው ብለውም አይጀምሩ፤ ጊዜያዊው ነገር እኛ ቤት ቋሚ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ኧርዙንም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ፣ ያስፈትሹ። በቆዩ ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቤቶች ሦስተኛው ሽቦ የላቸውም፣ ወይም አላቸው ግን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አልተያያዘም። ቻርጀሩ ይህን ሲያይ ቀይ መብራት ያሳያል፣ አልሠራም ይላል። ገበያ ላይ ይህን ቀይ መብራት የሚያጠፋ ማታለያ ማያያዣ የሚሸጡ አሉ። እባክዎ አይግዙ። ቻርጀሩ የሚያስጠነቅቅዎ የመኪናውን አካል የሚነካ ልጅ በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ነው።

ትልቅ ቻርጀር ያስፈልገኛል ብለውም ሳያስፈልግዎ አይጨነቁ። ባሕር ዳር ውስጥ ከፖሊ ሽምብጥ፣ ከሽምብጥ ዓባይ ማዶ እየተመላለሱ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ) ለሚፈጅ መኪና የሚያስፈልገው 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሹ ቻርጀር ይህን በሦስት ሰዓት ይሞላል። የ7 ኪሎዋቱ ቻርጀር 32 አምፔር ይፈልጋል፣ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፣ የቆጣሪ አቅም ማሳደግም ሊጠይቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የታክሲ ሰው ይገባዋል፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ግን እምብዛም።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ብዙ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ የፍጆታ እርከኑ ከፍ ሲል ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። እርስዎ መኪና ሲሰኩ የጎረቤትዎ የእማማ ሒሳብ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ከአከራይዎ ጋር መኪናው ግቢ ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩ። ቢቻል የራስዎን ቆጣሪ ያስገቡ፤ ካልሆነም ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ አስገጥመው የተጠቀሙበትን ለይተው ይክፈሉ። ጸብ የሚነሳው ከገንዘቡ ይልቅ ካለመነጋገር ነው።

የቮልቴጅ ነገርም አለ። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ መብራቱ ይደክማል፤ ቻርጀሩ በራሱ ይቆማል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርገው ሰዓት ይሙሉለት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ስለሚያቃጥል መከላከያ ያስገጥሙ።

ወረቀት ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር ማመን

ደላላው "500 ይሄዳል" ይልዎታል። አልዋሸም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ግን ከቻይና የሚመጡ መኪኖች የሚለኩበት ሲኤልቲሲ የተባለው መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከተማ እርጋታ ነው። ሀይዌይ ላይ በ90 እና በ100 ሲነዱት ከሩብ በላይ ሊቀንስ ይችላል። 400 የተባለውን 300 ብለው ይያዙት፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 15 በመቶ አይንኩ። የባሕር ዳር አየር ለባትሪ ጥሩ ነው፣ ብርዱም ሙቀቱም አይበዛም፤ በዚህ ዕድለኞች ነን።

የአዲስ አበባን መንገድ እንደ ሜዳ መቁጠር

ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው መኪና በአንድ ሙሌት ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የሚባክነው ሲጨመር ከ6 በላይ ይሆናል። ይህ በሜዳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ከበረሃው ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው አቀበት ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ስክሪኑ "120 ኪሎ ሜትር ይቀራል" ሲልዎ ባለፈው መንገድ ልክ እያሰላ ነው እንጂ ፊት ለፊት ያለውን አቀበት አላየም።

ቁልቁለቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዘዋል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ መያዙን ይተወዋል፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደጀን ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ወደ በረሃው የሚወርድ ሰው ፍሬኑን እያጋለ ነው የሚወርደው። 85 ወይም 90 ይዞ መውረድ ይሻላል። ቁልቁለቱ ራሱ የተወሰነውን ይመልስልዎታል።

ከአዲስ አበባ ውጪ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ የሚያድሩበትን ሆቴል አስቀድመው ደውለው "ግቢ ውስጥ ኧርዝ ያለው ሶኬት አለ ወይ? ጄነሬተር ላይ ነው ወይስ መብራት ላይ?" ብለው ይጠይቁ። በተራ ሶኬት አሥር ሰዓት ቢያሳድሩት 22 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛሉ፤ ይህ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ልድረስ ማለቱ ቀርቶ በሁለት ቀን ቢያቅዱት ጉዞው ይጥማል። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችልም ያስቡ። ወደ ኋላ መልሶ ቅርብ ያለ ከተማ የሚያደርስ ባትሪ ሁልጊዜ ይኑርዎት።

የሶኬቱን ዓይነት አለመጠየቅ

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለውን ሶኬት ይዞ ይመጣል። ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ ቱ ነው። ቅርጻቸው አይገጥምም። የሚያዘወትሩት ቦታ የትኛው እንዳለ ሳያውቁ አይግዙ፤ የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር ርካሽ አይደለም። ለቻይና በተሠሩት ላይ ደግሞ ስክሪኑም፣ ካርታውም፣ የስልኩ መተግበሪያም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ቀብድ ሳይሰጡ ይሞክሩት።

ያገለገለ መኪና በኪሎ ሜትር ብቻ መገመት

ቤንዚን መኪና ስንገዛ የለመድነው ዓይን ኮፈን ከፍቶ ዘይት ማየት ነው። እዚህ ዋናው ዕቃ ከእግርዎ ሥር ያለው ባትሪ ነው። በስካነር የባትሪውን ጤና በመቶኛ የሚያነብ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። መኪናውን አንስተው የባትሪውን የታች ሽፋን ይዩት። ኮብልስቶንና ድንጋያማ መንገድ ዝቅ ያሉ መኪኖችን ይመታል፤ የተጎደጎደ ወይም የተበየደ ሽፋን ካዩ ይተዉት። ወደ ዘጌ በኮረኮንች የሚመላለስ ሰው ከመሬት ከፍ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዋስትናውንም ያንብቡ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው ስምንት ዓመት ይሰጣሉ፤ ግን በሕጋዊ ወኪል በኩል ላልገባ መኪና እዚህ ላይሠራ ይችላል። "ዋስትና አለው" የሚልዎ ሰው በወረቀት ያሳይዎ። የባትሪውን ዓይነትም ይጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ኒኬል የሌለበት ዓይነት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 ቢሞላ ይወዳል። ኒኬል ያለበትን ግን ለዕለት ሥራ 80 ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የጭነት መኪናን እንደ ቤት መኪና ማስላት

ትንሽ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ካለ መጀመሪያ የሚመላለስበትን መንገድ ከፍታ ይወቅ። የፎገራ ሩዝ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ለማምጣት መንገዱ ሜዳ ነው፣ ማታ ቤት ይገባል፤ ለኤሌክትሪክ የተፈጠረ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ደብረ ታቦር ግን ሌላ ነው። ከጭነቱ ጋር ስድስት ቶን የሚመዝን መኪና 900 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለአቀበቱ ብቻ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ባዶውን ሞክረው አይግዙ። ጭነው፣ በራስዎ መንገድ፣ ደርሶ መልስ ይሞክሩት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

"ሰርቪስ አይፈልግም" ብሎ መተው

የሞተር ዘይት የለውም፣ እውነት ነው። የማቀዝቀዣ ውሃ፣ የፍሬን ዘይትና ጎማ ግን አለው። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም አለች። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው ላይነሳ ይችላል።

ክረምት ላይ የቻርጀሩን ሳጥን ከመሬት ከፍ አድርገው ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይስቀሉ። መንገድ ላይ የተኛ ጎርፍ ጥልቀቱን ካላወቁ አይግቡ፤ ባትሪው የታሸገ ቢሆንም ለዋና አልተሠራም።

ጋራዥ ሲገቡም ይጠንቀቁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጎበዝ የቤንዚን መካኒክ የእኔን ኮፈን ከፍቶ ብርቱካናማውን ወፍራም ሽቦ ሊነቅል እጁን ሰደደ። "ተው ወንድሜ፣ እሱን አትንካ!" ብዬ ያዝኩት። እነዚያ ብርቱካናማ ሽቦዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያልፋል፤ መኪናው ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ልጁ ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ለጎማና ለፍሬን ዛሬም እሱ ጋ እሄዳለሁ፤ ለብርቱካናማው ሽቦ ግን ሥልጠና የወሰደ ሰው እስኪገኝ አሥራ አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ በባጃጅ ተመላለስኩ።