ፎሊክ አሲድ መከላከያው ከመውጣቱ 1 ወር ቀድሞ

ጅማ ያላችሁ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስወጥታችሁ ልትወልዱ ካሰባችሁ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን 1 ወር ቀድማችሁ ጀምሩ፤ በቀን 0.4 ሚሊግራም፣ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት። የጽንሱ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ በደንብ እንዲገጥም ይረዳል፤ ቱቦው የሚገጥመው ደግሞ በተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። የወር አበባ ቀረ ብላችሁ እስክትመረመሩ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል፤ ክትትል ስትጀምሩማ ጭራሽ!

ከአይረን ጋር የተቀላቀለው ክኒንም ይኸው 0.4 አለው። ግን ከቡና ጋር አትዋጡት፣ ቡና አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ከአቦሉ 1 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ወይም ማታ ይሻላል።

ቀድሞ ይህ ቱቦ በደንብ ያልገጠመለት ልጅ የወለደች 4 ሚሊግራም ሊታዘዝላት ይችላል። ያኔ ቅልቅሉን 10 ፍሬ መዋጥ 600 ሚሊግራም አይረን ስለሚሆን አደገኛ ነው፤ ፎሊክ አሲድ ብቻ ያለበትን ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ሐኪም ታማክር።