ሌጎላንድ ልትሄዱ ነው? ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ለኩት

ሰመር ሲቃረብ ኤልኤ፣ ሳንዲያጎና ቬጋስ ያለ ወላጅ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፣ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው። ብዙ ሰው ሳያስብ ዲዝኒላንድ ይላል። ዲዝኒን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ልጆቻችሁ ከ3 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ከሆኑና ሳሎናችሁ ውስጥ በሌጎ ምክንያት በባዶ እግር መራመድ የማይቻል ከሆነ ካርልስባድ ያለውን ሌጎላንድ ካሊፎርኒያ አስቡበት። ፓርኩ የተሠራው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ነው፣ ራሳቸውም እንደዛ ነው የሚሉት። የ15 ዓመት ጎረምሳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው፣ እሱን ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ቦታው ከሳንዲያጎ ዳውንታውን ወደ ሰሜን 30 ማይል አካባቢ ነው፣ ከኤልኤ ደግሞ ወደ 90 ማይል፣ አይ 5ን ይዛችሁ ካነን ሮድ ላይ ትወጣላችሁ። የተከፈተው በ1999 ነው፣ ዴንማርክ ቢሉንድ ካለው ከመጀመሪያው (1968) እና እንግሊዝ ዊንዘር ካለው (1996) ቀጥሎ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ እዛው ከ2016 ጀምሮ የራሳችሁ አላችሁ፣ ከታች የምለው ብዙው ለእናንተም ይሠራል፣ ሙቀቱ ብቻ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጁን ጫማ አስወልቃችሁ ግድግዳ አስደግፋችሁ በኢንች ለኩት፣ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ነው የምላችሁ። እዛ ቤት ስንት ዓመትህ ነው የሚልህ ብዙም የለም፣ ብዙው ነገር በቁመት ነው። ኮስተርሶረስ የምትባለው ትንሿ ሮለርኮስተር 36 ኢንች ትፈልጋለች፣ 91 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው፣ ቤተመንግሥቱ ውስጥ ያለው ድራጎን የሚባለው ሮለርኮስተር 40 ኢንች ይፈልጋል፣ ከ48 ኢንች በታች የሆነ ልጅ ደግሞ ብዙዎቹ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። በሩ ላይ መለኪያ ይዞ የቆመውን ልጅ ግማሽ ኢንች ብቻ ነች እባክህ ብትሉት አይሰማችሁም፣ ሥራው ነው። ስለዚህ ልጃችሁ 39 ኢንች ላይ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ወይ ጥቂት ወር ጠብቃችሁ መሄድ ወይ ደግሞ ይሄኛውን ዘንድሮ አንወጣም ብላችሁ ቤት እያለ መንገር። ሰልፉ አጠገብ ሲደርስ ቢነገረው የሚያወጣውን ለቅሶ እናንተው ታውቁታላችሁ። የየራይዱ ቁመት ዌብሳይታቸው ላይና አፓቸው ላይ አለ፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ የእናንተ ልጅ የሚወጣባቸውን ለይታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ቀኑን የሚያቃልለው እሱ ነው።

አንዱ ልጅ ትልቅ ሌላው ሕፃን ከሆነ ደግሞ በየራይዱ መግቢያ ላይ ፓረንት ስዋፕ እንፈልጋለን በሉ። አንዳችሁ ከትልቁ ጋር ስትወጡ ሌላችሁ ሕፃኑን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ እንደገና ሳትሰለፉ ትቀያየራላችሁ። ትልቁ ልጅ ሁለቴ የሚወጣበት አጋጣሚም አለ፣ ደስታውን አትጠይቁኝ።

ቀን ስትመርጡ ካላንደሩን እዩ። ከመስከረም ጀምሮ ሰው በሚቀንስበት ወቅት ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ የሚሆንባቸው ሳምንቶች አሉ፣ ከቬጋስ አምስት ሰዓት ነድታችሁ ዝግ በር እንዳታዩ። ሰመርና ስፕሪንግ ብሬክ ሰው በሰው ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ካልጀመሩ ወይ ገና ትንንሽ ከሆኑ በሥራ ቀን መሄድ የሰማይና የምድር ልዩነት አለው። ኦክቶበር ላይ ሳንዲያጎ ከተማ ልጆችን በነፃ የሚያስገቡ ብዙ ቦታዎች አሉ፣ ሌጎላንድም አንድ ትልቅ ሰው ቲኬት ሲገዛ አንድ ልጅ በነፃ የሚያስገባበት ዓመት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ፈልጉት። ሌላው፣ ሜይና ጁን ላይ ባሕሩ አጠገብ ጠዋት ጭጋግ ነው፣ ካሊፎርኒያ ነው ብላችሁ ልጁን በቲሸርት ብቻ ካወጣችሁት እስከ እኩለ ቀን ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ ስስ ጃኬት ያዙ። ከሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ ስለምትከር ሰንስክሪንና ኮፍያ፣ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ተረት ተዉት።

ቲኬት በር ላይ አትግዙ፣ በቃ። በር ላይ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ኦንላይን ቀደም ብላችሁ ከገዛችሁ ይቀንሳል፣ ኮስትኮም አንዳንዴ ይሸጣል፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ዲስካውንትም ጠይቁ፣ ብዙ ሰው እንዳለው እንኳን አያውቅም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም። ፓርኪንግ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ባጀት ስታወጡ አትርሱት። ቅርብ ካላችሁና በዓመት ሁለት ሦስቴ የምትሄዱ ከሆነ የዓመት ፓሱን ከነጠላው ጋር አወዳድሩት፣ ከፓሶቹ ውስጥ ፓርኪንግ ያላቸው ስላሉ ሂሳቡ ይለወጣል። ሲ ላይፍ አኳሪየምና የውሃ ፓርኩ ግን በተራ ቲኬት አይገቡም፣ አብረው የሚሸጡበት ቲኬት አለ። በአንድ ቀን ሦስቱንም እናያለን ካላችሁ የእኔ ምክር አትሞክሩት ነው፣ ገንዘቤን ላውጣ ብሎ ልጅን ከቦታ ቦታ መጎተት ነው የሚሆነው።

ስለ ሰዓት። ፓርኩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው 10 ኤኤም ነው፣ በእኛ 4 ሰዓት። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተቀጣጥራችሁ ከሆነ 10 ላይ በር ላይ እንገናኝ አትበሉ፣ 9 በሉ፣ የሐበሻ ቀጠሮ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቀኑ ምርጧ ጊዜ የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ተኩል ነች፣ እሷ ካለፈች ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ነው። ከኤልኤ የምትመጡ ሳን ክሌመንቴ አካባቢ ትራፊኩ ስለሚቆም ከ7 ሰዓት በፊት ተነሱ፣ 7 ኤኤም ማለቴ ነው።

ስትገቡ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ያየው ራይድ ላይ ይሰለፋል። እናንተ አልፋችሁ ሂዱ። ልጁ ድራጎን የሚያስወጣ ቁመት ካለው ቤተመንግሥቱ ወዳለበት ወደ ካስል ሂል፣ ከሌለው ደግሞ በቀጥታ ወደ ድራይቪንግ ስኩል። ይሄ ድራይቪንግ ስኩል የሚባለው ለእኔ የፓርኩ አንደኛ ነው። ከ6 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች የሚነዱበት አለ፣ ከ3 እስከ 5 ላሉት ደግሞ ጁኒየር የሚባል አነስ ያለ አለ። መጀመሪያ አስቀምጠው ስለ መብራትና ስለ ስቶፕ ምልክት ያስረዷቸዋል፣ ከዛ እያንዳንዱ የራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ሐዲድ የለው ምን የለው፣ መሪውን የሚያዞረው ልጁ ራሱ ነው። አንዱ ቀይ መብራት ጥሶ ያልፋል፣ አንዷ አረንጓዴ በርቶላት ፍንክች አትልም፣ ሁለቱ መገናኛ ላይ ተጋጭተው ይተያያሉ፣ አጥሩ ውጭ የቆመ አባት ሁሉ ፍሬን! ፍሬን! እያለ ይጮሃል፣ ልክ ሰውዬው ራሱ አይ 5 ላይ እንደ ሕጉ የሚነዳ ይመስል። ሲጨርሱ መንጃ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ ያለበትን ከፈለጋችሁ ይከፈልበታል። በአንዴ የሚገቡት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ሰልፉ ቶሎ አይሄድም፣ ጠዋት ካላደረጋችሁት ከሰዓት ይቆጫችኋል።

ከዛ በኋላ እንደ ልጁ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ላይ ቤተሰቡ ሙሉ ወጥቶ በእጁ እየገፋ መኪናውን የሚያስኬድበት፣ ደርሶ ፓምፑን እየጨመቀ እሳቱን የሚያጠፋበትና ተመልሶ የሚሮጥበት ውድድር አለ፣ ሥራውን የሚሠሩት እናትና አባት ናቸው፣ ማታ ወገባችሁን ሲያማችሁ ታስታውሱኛላችሁ። ሎስት ኪንግደም ጨለማ ውስጥ በሌዘር የሚተኮስበት ነው፣ ኒንጃጎ ላይ ደግሞ ሽጉጥም የለም፣ እጃችሁን ስታወናጭፉ ስክሪኑ ላይ የእሳት ኳስ ይወረወራል። ለሕፃናቱ ዱፕሎ የሚባለው ትልልቁ የሕፃናት ሌጎ ያለበት ሰፈርና በተረት መሃል ቀስ ብላ የምትሄደው ጀልባ ይበቃቸዋል።

ከአገር ቤት የመጡ እማማ ወይ አባባ አብረዋችሁ ካሉ ሚኒላንድ ውሰዷቸው። ዋይት ሀውስ፣ ካፒቶል፣ ኒውዮርክ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቬጋስ፣ ሁሉም ከሚሊዮኖች በላይ በሆነ የሌጎ ብሎኬት ሃያ እጥፍ አንሶ ተሠርቷል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ጀልባው ይቀዝፋል። አሜሪካን ዞረው ያላዩ አዛውንት በአንድ ሰዓት ዞረው ፎቶ ተነስተው ለዘመድ ይልካሉ፣ ልጆቹ ሲሰለፉ እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ማረፍ ይችላሉ። መንገዱ ረጅም ነው ዳገትም አለው፣ እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ ዊልቸር በኪራይ አለ፣ አልፈልግም ቢሉም ተከራዩላቸው፣ ቢያንስ ቦርሳ ይቀመጥበታል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር። ሠራተኞቹ የስም ባጃቸው ላይ ትንንሽ የሌጎ ሰው ለጥፈዋል። ልጃችሁ የራሱን የሌጎ ሰው ይዞ ሄዶ እንቀያየር ካለ ይቀይሩለታል። የሚያመጣው ራስ፣ ደረትና እግር ያለው ሙሉ ሰው መሆን አለበት፣ ጭንቅላት የሌለው ይዞ ቢሄድ አይሆንም። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ከሳጥኑ ሥር ልጁ የማይወዳቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ፈልጋችሁ ትንሽ ዚፕሎክ ውስጥ ጨምሩለት፣ የሚወደውን እንዳይሰጥና ማታ እንዳያለቅስ። ዓይናፋር ልጅ ካላችሁ ደግሞ በራሱ አፍ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ከኋላው ሆናችሁ አትናገሩለት።

ምግብ ውስጥ ውድ ነው፣ ሌላ ቦታም ያው ነው። ኩለር ሙሉ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ ውሃ፣ ለልጅ የሚሆን ስናክና የሕፃን ምግብ ግን ችግር የለውም፣ ዳቦ ቆሎ ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ አይፈርስ አይበላሽ፣ ሰልፍ ላይ የልጅ አፍ ይይዛል። ጾም ላይ ከሆናችሁ የጾም የሆነ ነገር ከምናምን ሜኑ ውስጥ ስትፈልጉ ሰዓት ይሄዳል፣ ጠዋት ጠግባችሁ ግቡ፣ እንጀራ ፍርፍራችሁን በኩለር መኪና ውስጥ ተዉት፣ ስትወጡ ተመልሳችሁ የምትገቡበትን ነገር በሩ ላይ ጠይቁና ምሳ መኪናችሁ ጋ ብሉ። ውስጥ ከሚሸጠው አንድ ነገር ግዙ ካላችሁኝ ግራኒስ አፕል ፍራይስ ነው፣ ፖም እንደ ድንች ጥብስ ተቆርጦ ተጠብሶ ቀረፋና ስኳር የተነሰነሰበት፣ ከላይ ክሬም አለው። ትኩሱን ነው የሚበላው፣ ከቀዘቀዘ ምንም አይደል።

የውሃ ፓርኩ ሙቀት ሲኖር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ዊንተር ላይ ዝግ ነው። ከሄዳችሁ ፎጣ ከቤት ያዙ፣ ዳይፐር ላይ ያለ ልጅ የዋና ዳይፐር ያስፈልገዋል። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ፀጉሯን ከአንድ ቀን በፊት ሹሩባ ሥሯት፣ ከመግባቷ በፊት በንጹሕ ውሃ አርሳችሁ ኮንዲሽነር ቀቧት፣ እርጥብ ፀጉር ክሎሪኑን እንደ ደረቅ ፀጉር አይጠጣም። አናት ላይ ግዙፍ ባልዲ ተንጠልጥሎ እየሞላ የሚደፋበት ቦታ አለ፣ ልጆቹ ከሥሩ ቆመው ነው የሚጠብቁት፣ ፀጉርም ስልክም አይምርም።

ሆቴሉ በር ላይ ነው፣ ክፍሎቹ የባሕር ወንበዴ፣ የቤተመንግሥት ምናምን ተደርገው ነው የተሠሩት፣ ልጆቹ ጥያቄ መልሰው ቁጥር አግኝተው የሚከፍቱት ሳጥን አለ፣ ቁርስም አብሮ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ውድ ነው፣ ከሩቅ ለመጣ ካልሆነ አስፈላጊ አይመስለኝም፣ ካርልስባድ ውስጥ ርካሽ ሆቴል ሞልቷል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን ይሄን ሳልል ማለፍ አልፈልግም፣ ፓርኩ ለዚህ የሠለጠኑ ሠራተኞችና ረጅም ሰልፍ ለማይችል ልጅ የሚረዳ ሄሮ ፓስ የሚባል ነገር አለው፣ ሳታፍሩ ገስት ሰርቪስ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በእኛ ዘንድ ዝም ማለት ስለሚበዛ ነው የምለው።

ሱቁ መውጫው ላይ ነው፣ ሳይታለፍ አይወጣም። ጠዋት መኪና ውስጥ እያላችሁ ለየልጁ ስንት ብር እንደሆነ ንገሩት፣ ይህን ያህል አለህ በቃ። ተራ ሌጎ ስብስቦቹ ታርጌትና ዎልማርት ያሉት ስለሆኑ እዛ ቅናሽ ጠብቃችሁ ግዙ፣ እዚህ መግዛት ያለባችሁ ፓርኩ ላይ ብቻ የሚሸጠውን ነው። ቀን ላይ ከገዛችሁ ስትሸከሙ ትውላላችሁ፣ ለማታ አቆዩት። ሳንዲያጎ የምትመለሱ ከሆነ ኤል ካሆን ቡሌቫርድ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ቀድማችሁ ደውሉ። ኤልኤ የምትመለሱ ደግሞ በ5 ፒኤም አትነሱ፣ ካርልስባድ ባሕር ዳርቻው አምስት ደቂቃ ነው፣ ልጆቹን አሸዋ ላይ ልቀቋቸውና 7 ሲያልፍ ውጡ።