ቡጁ ባንተንን ከየት ጀምሮ መስማት ይሻላል?

ብዙ ሰው ጃማይካዊውን የሬጌና የዳንስሆል ዘፋኝ ቡጁ ባንተንን የሚያውቀው «አንቶልድ ስቶሪስ» በምትባለው የጊታር ዘፈኑ ነው። እሷን ለጊዜው አቆዩልኝ። ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው፤ ግን ክብደቷ የሚገባው ከእሷ በፊት የነበረውን ልጅ ለሰማ ሰው ነው።

በስልክ ስፒከር አትስሙ። የዳንስሆል (ከሬጌ የወጣ የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ) ነፍሱ ቤዙ፣ ወፍራሙ የታች ድምፅ ነው፣ ስልክ ደግሞ ቤዙን ይበላዋል። ደህና ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል።

በ1992 በወጣው «ሚስተር ሜንሽን» አልበም ጀምሩ (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ድምፁ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጎርናና ነው። ቋንቋው ፓትዋ፣ የጃማይካውያን የራሳቸው እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ለመያዝ አትታገሉ፤ ምቱ ላይ እንዴት እንደሚራመድ ብቻ ተከተሉ። እዚያ አገር አንድ ሙዚቃ ይቀናበርና ብዙ ድምፃውያን በየተራ ይዘፍኑበታል፤ ሪዲም ይሉታል። አንድ ዘፈኑን ስትወዱ የሪዲሙን ስም ፈልጉና ሌሎቹ በዚያው ላይ የሠሩትን አከታትላችሁ ስሙ። የቡጁ ችሎታ የቱ እንደሆነ፣ የአቀናባሪው የቱ እንደሆነ ያኔ ይለያል። ታናሽ ወንድሜን ዳንስሆል ያስወደድኩት በዚህ መንገድ ነው።

የዚያ ዘመን ሥራው ሁሉ የሚወደድ አይደለም። ግብረ ሰዶማውያን ላይ ጥይት የሚጠራ ዘፈን ነበረው፤ በ2019 ራሱ ከሥራዎቹ አስወጥቶታል። ደግ አደረገ።

ቀጥሎ «መርደረር» («ገዳይ») የተባለውን ዘፈን ስሙ። ፓን ሄድና ደርትስማን የተባሉ ዘፋኝ ጓደኞቹ በጥይት ከተገደሉ በኋላ የሠራው ነው። የሽጉጥ ወሬ በሞላበት ሙዚቃ ውስጥ ገዳዩን ፊት ለፊት ሲወቅሰው ትሰማላችሁ።

አሁን የ1995ቱን «ቲል ሻይሎ» ክፈቱ፤ ቅደም ተከተሉን ሳታፋልሱ፣ ሳትዘሉ። ራስታ ሆኖ የመጣበት አልበም ነው። ከአጭሯ መግቢያ ቀጥሎ የናያቢንጊ ከበሮ፣ ራስታዎች በአምልኳቸው የሚመቱት፣ ይገባል፤ በሚያዝያ 1966 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲወርዱ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቁት ራስታዎች የመቱት ከበሮ ነው። እኔ ይህን እያሰብኩ ስሰማው ሰውነቴን ይነዝረኛል። አራተኛው «ቻምፒዮን» ጭፈራ ነው፣ ደረት የሚነፋ። ልክ እሱ ሲያልቅ «አንቶልድ ስቶሪስ» ትመጣለች፦ ጊታርና ያ ሻካራ ድምፅ፣ ስለ ድህነት። ዘፈኖቹን የሚያማታውን ቁልፍ አጥፉ የምለው ለዚህች መሸጋገሪያ ብዬ ነው።

ከዚያ የ1997ቱ አልበም «ኢና ሃይትስ»፣ በተለይ «ዴስቲኒ»።

«ቢፎር ዘ ዶውን» የተባለው አልበሙ የካቲት 2011 ግራሚ ሲያሸንፍ፣ በማግስቱ ቡጁ አሜሪካ፣ ታምፓ ውስጥ በኮኬይን ክስ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጥፋተኛ ተባለና እስከ ታኅሣሥ 2018 ታሰረ። መጋቢት 16 ቀን 2019 ኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ወደ መድረክ ሲመለስ የተቀረፀውን ካገኛችሁ ድምፁን ከ1992ቱ ጋር አስተያዩ። «አፕሳይድ ዳውን 2020» የተባለውን አልበም መጨረሻ ላይ ስሙት፤ ረጅም ነው፣ እኔም ሁሉንም ዘፈን እኩል አልወደውም፤ የወደዳችሁትን እየመረጣችሁ ስሙ።